ኮሚሽኑ ካልቀጠረ ምን ይሠራል? ከአንድ የውይይት ክር የተለቀመ

ክሩን የከፈተው ከጅማ የጻፈ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነው። ጥያቄው አጭር፣ ንዴቱ ረጅም ነበር። የፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት እያለ እያንዳንዱ ሚኒስቴር ለምን ለብቻው ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ለብቻው ፈትኖ፣ ለብቻው ይቀጥራል ነው ያለው። ኮሚሽኑ በዓመት አንድ አገር አቀፍ ፈተና ቢያዘጋጅ፣ ውጤቱን ሁሉም በሚያየው ቦታ ቢለጥፍ፣ ሰውም በነጥቡ ተራ ቢመደብ ነገሩ ሁሉ ያልቃል ባይ ነው።

ንዴቱ ከየት እንደመጣም አልደበቀም። ስሙን ያልጠቀሰው አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ያወጣል። ምዝገባው በአካል፣ አዲስ አበባ። ልጁ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተገኝቶ ተሳፍሮ ይመጣል። ዲግሪው አለ። የመውጫ ፈተና ውጤቱ አለ። ኮፒው ከኦርጅናሉ ጋር ተያይዟል። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አንድ በአንድ ስትገልጥ ቆይታ የሥራ ልምዱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ደብዳቤው ከግል ድርጅት የተጻፈ ነው፤ የሥራ ግብር መከፈሉን አይገልጽም። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ደግሞ ይገለጽ ተብሏል። ፋይሉ ተመለሰለት። ደብዳቤውን የሚያስተካክለው ድርጅት ጅማ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ይዘጋል።

1ኛው ምላሽ ከሐዋሳ መጣ። ጸሐፊዋ እሷንም ይኸው የግብር ነገር አንድ ጊዜ እንዳስቀራት ነግራ አጽናናችው። ድርጅቱ ግብሩን በየወሩ ከደመወዟ ሲቆርጥ ኖሮ፣ ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ጨምሩልኝ ስትል ግን ሳምንት ሙሉ እንዳመላለሳት ጻፈች።

ክሩን መስመር ያስያዘው 2ኛው ምላሽ ነው። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ እንደሆነ የገለጸ ሰው በጨዋ ቃል እርማት ሰጠ። ኮሚሽኑ ቀጣሪ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም ብሎ ነው የጀመረው። ይቺ ሁለተኛዋ ሐረግ በኋላ ዋጋ አስከፍላዋለች። በ1999ኙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515ም ሆነ በ2010ሩ አዋጅ 1064 ምልመላና መረጣ የየመሥሪያ ቤቱ ሥራ እንደሆነ አስረዳ። የኮሚሽኑ ድርሻ መመሪያ ማውጣት፣ የሥራ መደቦችን መመዘንና ደረጃ መስጠት፣ አፈጻጸሙን መቆጣጠር፣ ቅሬታ መመርመር፣ ሕግ ተጥሶ ሲያገኝም እንዲታረም ማድረግ ነው። የ2017ቱ አዋጅ 1353 ብቃትንና ብዝኃነትን አጉልቶ መጣ እንጂ ኮሚሽኑን መቅጠሪያ ቢሮ አላደረገውም ብሎ ጨረሰ።

3ኛው ሰው ለቀልድ ገባ። መሥሪያ ቤቱ በ1987 ኮሚሽን፣ ቀጥሎ ኤጀንሲ፣ በ2003 ሚኒስቴር፣ በ2008 ሌላ ስም ያለው ሚኒስቴር፣ በ2011 ተመልሶ ኮሚሽን መሆኑን ቆጥሮ፣ በዚህ ሁሉ መሀል የተጠቀመው ሰሌዳ የሚጽፈው ሰውዬ ብቻ ነው አለ። ብዙ ሰው ሳቀ። የሰው ሀብት ባለሙያው አልሳቀም፤ ስሙ ሲቀያየር ሥልጣኑም አብሮ ሲሰፋና ሲጠብ እንደነበር ብቻ አስታውሶ አለፈ።

4ኛውን ምላሽ የጻፉት ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ልከተል። ጋሼ የ2ኛውን ሰው ሆኖም አያውቅም የምትለዋን ቃል ያዙ። በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ዓላማው የመንግሥት ቅጥር ወጥ ሕግና ወጥ ደረጃ እንዲኖረው እንደነበር አስታወሱ። ከዚያ በፊት ሥራ ፈላጊ ደጅ ይጠና ነበር። ሚኒስትሩ ሲወጣ እጅ ነስቶ፣ ሲገባ እጅ ነስቶ፣ አንድ ቀን ዓይኑ እስኪያርፍበት ይጠብቃል። ዓይን ያረፈበት ይቀጠራል፤ ያላረፈበት ነገም ይመጣል። በደርግ ዘመን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ ይመደብ ነበር። እሳቸውም ስማቸውን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር ነው ያነበቡት፤ ከስማቸው ትይዩ ጎሬ ይላል። ጎሬ የት እንደሆነ ያወቁት ከደረሱ በኋላ መሆኑን ሲጽፉ ደስታም ምሬትም አልነበረበትም።

ከጅማ የጻፈው ልጅ በ5ኛው ምላሽ ተመልሶ መጣ፤ በጣም ደስ ብሎት። ያልኩት ነገር ኖሮ ያውቃል ማለት ነው፣ ሰው በማዕከል ይመደብ ነበር፣ ማስታወቂያ ማሳደድ አልነበረም አለ።

ደስታው ግን 6ኛው ላይ ቀዘቀዘ። ጸሐፊዋ አባቷ በዚያው አሠራር ተመድበው ያስተማሩ ናቸው። ምደባ ማለት ጥያቄ የማይቀርብበት ቅጥር ነበር አለች። የት ትፈልጋለህ የሚል ሰው የለም። እናቷ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ፣ አባቷ በቅሎ ብቻ የሚገባበት ወረዳ። ዋናው ነጥቧ ግን ሌላ ነው፦ ትውውቅ ያኔም አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ሰው ያለው ልጅ ስሙ ከአዲስ አበባ ትይዩ ይጻፍለታል፤ ሰው የሌለው ጎሬ ይሄዳል። ጋሼ በ7ኛው ምላሽ እውነቷን ነው ብለው፣ ከእሳቸው ባች አዲስ አበባ የቀሩትን ልጆች አባቶች ዛሬም በስም ማስታወስ እንደሚችሉ ጨመሩ። ስም ግን አልጠሩም። ጨዋ ሰው ናቸው።

8ኛውና 9ኛው ምላሽ ቶሎ ያልፋሉ። አንዱ በመንግሥት ባንክ ቅጥር ላይ ቅሬታውን አፈሰሰ፤ ኮሚሽኑ ዝም ብሎ ያያል ብሎ ወቀሰ። ሌላው አረመው። ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አየር መንገዱ የልማት ድርጅቶች ናቸው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው የሚተዳደሩት፣ ኮሚሽኑን አይመለከቱም። ዳኞች፣ ወታደሩና ፖሊሱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ብዙ ሰው ለኮሚሽኑ የሚሰነዝረው ቁጣ ግማሹ የተሳሳተ አድራሻ እንዳለው እዚህ ላይ ታየኝ።

10ኛው ምላሽ ለኔ የክሩ እምብርት ነው። የጻፈችው በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ አባል የነበረች ሴት ናት። የጽሑፍ ፈተናው ንጹሕ ነበር አለች። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ኮድ ነው። አራሚው ማንን እንደሚያርም አያውቅም። ሌባው በዚያ በር አይገባም። የሚገባው ከዚያ በፊት እና ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ስትል ማስታወቂያውን ነው። አንድ የሒሳብ ባለሙያ መደብ ይከፈታል። መደቡ ላይ ግን ቀድሞ በኮንትራት የተቀመጠ ልጅ አለ፤ የአንዱ ኃላፊ ሰው። ማስታወቂያው ሲረቀቅ ተፈላጊ ችሎታው ውስጥ አንዲት መስመር ትጨመራለች፦ በአይቤክስ የሠራ። አይቤክስ የመንግሥት የበጀትና የወጪ ሒሳብ የሚሠራበት ሥርዓት ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ያለ ሰው ከየት ያገኘዋል? የግል ድርጅት ውስጥ አሥር ዓመት ሒሳብ የሠራ ሰው በዚች መስመር ይወድቃል። ማስታወቂያው እንደ ሱፍ ልብስ ለልጁ ተለክቶ ተሰፍቷል፤ ሌላ ሰው ቢለብሰው እጅጌው ያጥርበታል። ሕግ ግን አልተጣሰም። ችሎታው ለሥራው በእርግጥ ይጠቅማል፣ ማንም ተነሥቶ አይጠቅምም ማለት አይችልም።

ከዚያ በኋላ ስትል ደግሞ ቃለ መጠይቁን ነው። እዚህ ላይ ያለችውን እስካሁን አልረሳሁትም። አምስት የኮሚቴ አባላት ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ አባል የነጥብ መስጫ ቅጽ ይታደላል። ተወዳዳሪው ገብቶ ይመልሳል፣ ይወጣል። አባላቱ ነጥባቸውን በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ልጁ ጎበዝ ነው ወይም ልጁ ይቀረዋል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይወረውራል። ላጲሱ ይዞራል። በእርሳስ የተጻፈው ይጠፋና በእስክሪብቶ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤው ላይ አምስት የተለያዩ፣ ግን የሚቀራረቡ ነጥቦች ይሰፍራሉ። ኦዲተር ቢመጣ ምን ያገኛል? ምንም።

እኔ ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ በዚች ላጲስ በኩል ነው ያነበብኩት። አገር አቀፍ ፈተና የሚዘጋው ከሞላ ጎደል የተዘጋውን በር ነው። ከጅማ የመጣውን ልጅ የመለሰው ፈተና አይደለም፤ ፈተናው ጋ አልደረሰም እኮ።

11ኛው ምላሽ ስለታም ነበር። ይህን ሁሉ እያየሽ ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረምሽው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢውን ሌባ እያልሽ እስክሪብቶው ግን በአንቺም እጅ ነበር አላት። ሴትዮዋ በ12ኛው መለሰች፤ አልተቆጣችም። አንድ ጊዜ በሐሳብ ልዩነት ፈርማ እንደነበር፣ በሚቀጥለው ድልድል ከነበረችበት መደብ ሁለት ደረጃ ዝቅ ወዳለ መደብ እንደወረደች ጻፈች። ቅሬታ አቅርባ የተሰጣት መልስ በድልድሉ መመሪያ መሠረት የተፈጸመ ነው የሚል ነበር። 13ኛው ሰው ሊያስታርቅ ገባና ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ጣል አደረገ። ለማን እንደተረተው ባይታወቅም ሁለቱም ወገን ለራሱ ወሰደው።

14ኛው ምላሽ ወደ ሕንድ ወሰደን። ጸሐፊው ዴልሂ ማስተርሱን የተማረ ነው። ሕንድ ውስጥ የኅብረቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የሚባል፣ መነሻው እ.ኤ.አ. 1926 የሆነ፣ በሕገ መንግሥት የቆመ ተቋም እንዳለ ነገረን። ከፍተኛውን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና በሦስት ዙር ይሰጣል፦ መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ረጅሙ የጽሑፍ ፈተና፣ መጨረሻ ቃለ መጠይቅ። በመቶ ሺዎች ይቀመጣሉ፣ ሺህ ገደማ ያልፋሉ። ያለፈው ልጅ የሪክሾ ነጂ ልጅም ቢሆን የወረዳ አስተዳዳሪ ሊሆን ይችላል። ከጅማ የጻፈው ልጅ ይሄን ሲያነብ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም።

15ኛውም ሕንድ የኖረ ነው፤ ግን አልተስማማም። ለዚያ ፈተና ሲባል ወጣቱ የዕድሜውን ምርጥ ዓመታት ዴልሂ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ በማስጠኛ ቤት እንደሚያሳልፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በኦልድ ራጂንደር ናጋር ሰፈር የአንድ ማስጠኛ ቤት ምድር ቤት ጎርፍ ገብቶበት ሦስት ተማሪዎች መሞታቸውን አስታወሰ። በዚያው ዓመት ደግሞ ኮሚሽኑ የአንዲት ተመራጭን ውጤት ሰርዟል፤ ለፈተና የመቀመጥ መብቷን በማጭበርበር አራዝማለች ብሎ። ፈተናው ማዕከላዊ ስለሆነ ብቻ ሰነድ መፈብረክ አይጠፋም ነው ነጥቡ። ጎረቤታችን ኬንያን ያነሣው 16ኛው ሰውም ይህንኑ አጠናከረ። የኬንያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የመንግሥት ሠራተኞችን ማስረጃ አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከ2,000 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፍኬት መገኘቱን በይፋ ተናግሯል። ለሱ የኮሚሽን ጥርስ ማለት ይሄ ነው፤ መቅጠር ሳይሆን የተቀጠረውን መፈተሽና ውጤቱን ለሕዝብ መናገር።

17ኛው ምላሽ ዓይነ ስውር የሕግ ምሩቅ ነው። ለአንድ መደብ ተመዝግቦ የጽሑፍ ፈተና ሲጠራ አንባቢ እንዲመደብለት አስቀድሞ ጠይቋል። በፈተናው ቀን የተመደበለት አንባቢ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎቹን በቅጡ ማንበብ የማይችል የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። አንድን ጥያቄ ሦስቴ አስነብቦ ሊገባው አልቻለም፤ ሰዓቱ አለቀ። አዋጅ 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ይደነግጋል፣ የ1999ኙ አዋጅም እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር አለ። ተቀራራቢ ነጥብ ለማምጣት ግን መጀመሪያ ጥያቄው መነበብ አለበት።

ለዚህ ሰው ማንም አልመለሰለትም። የክሩን ሰዎች የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም 18ኛው ምላሽ ተቀራራቢ ነጥብ የምትለዋን ቃል ብቻ ነጥቆ ወደ ብሔር ወሰደው፣ ከዚያ በኋላ ሰውየውን ያስታወሰ የለም።

18ኛው ያለው ቅድሚያ የሚሰጠው ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ብቻ አይደለም፣ በመሥሪያ ቤቱ ውክልናቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔሮችም ነው፤ ይሄ ደግሞ ብቃትን ይገድላል ነው። 19ኛው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ላይ በፌዴራል መንግሥቱ ተመጣጣኝ ውክልና መብት እንደሆነ ጠቅሶ፣ የፌዴራል ቢሮ ገብቶ አፉን በፈታበት ቋንቋ የሚያናግረው አንድ ሰው ያጣ ዜጋ ስለ ብቃት ቢሰብኩት አይሰማም አለ። እስከዚህ ድረስ ክርክር ነበር። 20ኛው ግን ስድብ ነው። አወያዩ አጠፋው፤ ግን ሰው ቀድሞ አንብቦታል። 21ኛው ስድቡን በስድብ መለሰ፣ እሱም ጠፋ። አወያዩ በ22ኛው ምላሽ የሚቀጥለው ተሳዳቢ እንደሚታገድ አስጠነቀቀ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በ1999ኙ ሕግ ላይ የነበረው ቅድሚያ ነጥቡ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን የሚሠራ ነበር እንጂ ወንበር ቆጥሮ ማስቀመጥ አልነበረም። ከተሳዳቢዎቹ አንዱም ይሄን ያነበበ አልመሰለኝም።

ንፋሱን ያበረደችው ከእስራኤል የጻፈች ናት፤ 23ኛ። እዚያም የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ ማሻሻያ ቤተ እስራኤላውያን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው ተደንግጓል፤ ለነሱ ብቻ የሚወጡ መደቦችም አሉ። እሷ ራሷ በእንዲህ ያለ መደብ ገብታ ነው የምትሠራው። በመጀመሪያው ዓመት ስብሰባ ላይ አፏን በከፈተች ቁጥር እንዴት እንደገባች የሚያሰላ ዓይን ይታያት ነበር። ሥራዋን ስታሳይ ዓይኑ ቀስ እያለ ቀነሰ። ሕጉ ባይኖር ማመልከቻዋን የሚያነብ አልነበረም ብላ ታምናለች፤ ግን እሷን የመሰሉት ብዙዎቹ ከታችኛው ደረጃ አልወጡም፣ ሕጉ በር ያስገባል እንጂ ደረጃ አያስወጣም አለች።

24ኛው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሹመት ይገባኝ ነበር ባለ አንድ ሰው በጥይት ከተመቱ በኋላ፣ በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጥቶ ሥራ በፈተና እንዲሰጥ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን መቋቋሙን ተረከ። ሰውየው ትረካ ያውቅበታል። ከዚያ አንድ ማንም ያላነሣውን ነጥብ አመጣ። አሜሪካኖች ያን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1978ቱ ሕግ ለሁለት ከፈሉት። አንዱ የሰው ኃይሉን የሚያስተዳድር፣ ሌላው የሠራተኛውን ይግባኝ የሚሰማ። መመሪያ ያወጣው አካል በራሱ መመሪያ ላይ የመጣን አቤቱታ ሲዳኝ ለራሱ ማድላቱ አይቀርም ብለው ነው። ለእኛም ቢሆን መጠየቅ ያለበት ኮሚሽኑ ይቅጠር ወይስ አይቅጠር ሳይሆን፣ የተበደለው አመልካች ማን ጋ ይሂድ የሚለው ነው አለ። ይሄን ምላሽ ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 25ኛው ሰው ለፌዴራል ሥራ ዜግነት ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀው። 26ኛው ስለ ዲቪ። 27ኛው፣ ይሄ ሁሉ ግፊያ ለየትኛው ደመወዝ ነው አለና ሌላ እሳት ለኮሰ። በ2017 ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 መስከረም ደግሞ ወደ 6,000 ማደጉን፣ የዲግሪ መነሻም ከ6,940 ወደ 11,500 መግባቱን ቆጠረ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክፍል ቤት የሚከፍለውን ኪራይ ጻፈ። 28ኛው ኪራዩ ረክሶ ካገኘኸው ሰፈሩን ንገረን አለው። 29ኛው በ11,500 ብር ንጹሕ ቃለ መጠይቅ መጠበቅ ሞኝነት ነው አለ። ጋሼ በ30ኛው ተቆጡ። እሳቸው በ500 ብር ደመወዝ የሰው ሳይበሉ ልጅ እንዳሳደጉ ጽፈው፣ ድህነትን ለሌብነት ምክንያት የሚያደርግ ሁሉ ሀብታም ሌባ አይቶ አያውቅም ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ የለም።

31ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። በ2016 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሥራ ላይ ያሉ ኃላፊዎችንና ባለሙያዎችን በጅምላ ሲፈትን አብዛኞቹ የማለፊያውን ነጥብ አለማምጣታቸው እንደተነገረ አስታወሰ። እነዚህ ሰዎች ሲቀጠሩ ተፈትነው አልነበረም ወይ ነው ጥያቄው። ወይ የመግቢያው ፈተና ፈተና አልነበረም፣ ወይ የኋለኛው ሥራቸውን አይመለከትም። 32ኛዋ የተፈተነች ናት። በየቀኑ ፋይል ይዛ ባለጉዳይ የምታስተናግድ ሴት ስለ አመራር ንድፈ ሐሳብ በምርጫ ጥያቄ ብትጠየቅ ምኑ ይለካል አለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ እነሱ ግን አልተገናኙም።

33ኛው ላይ ከጅማ የጻፈው ልጅ ብቅ አለ። ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልቀየረም። ፈተናው በየክልሉ ዋና ከተማ ቢሰጥና ምዝገባው በኦንላይን ቢሆን ቢያንስ የአውቶቡስ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር አለ። ይሄ ትንሽ ጥያቄ ነው፣ ግን ከክሩ ሁሉ በጣም የሚቻለው እሱ ይመስለኛል። ቀጥሎ የሰው ሀብት ባለሙያውን ስም ጠርቶ፣ አሁን ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀው።

ባለሙያው በ34ኛው ምላሽ ረጋ ብሎ ጻፈለት። መጀመሪያ የማስታወቂያውን ፎቶ ያስቀምጥ፤ ቀኑና የመደቡ መታወቂያ ቁጥር መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ ያልተመዘገበበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ። በቃል የተመለሰ ሰው አቤቱታ የለውም። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብቶ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዝ። መልስ ካጣ ወይም መልሱ ካላረካው ያንኑ ቅጂ አያይዞ ለኮሚሽኑ ያቅርብ። አስተዳደር ፍርድ ቤቱ በዋናነት የሚያየው የተቀጠረ ሠራተኛን ጉዳይ ስለሆነ እዚያ ሄዶ ጊዜ አይፍጅ። የሥራ ግብሩን ጉዳይ በተመለከተ ግን መሥሪያ ቤቱ የሚሸነፍ አይመስለውም፤ ቅድመ ሁኔታው ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ደብዳቤውን ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ከወዲሁ ያስተካክል አለው።

35ኛዋ፣ ያቺ የኮሚቴዋ ሴት፣ አንድ ነገር ጨመረች። አመልካች የሌላውን ሳይሆን የራሱን የቃለ መጠይቅ ነጥብ በአባላት ተለይቶ የማየት መብት ቢኖረው ሰብሳቢዎች ጉሮሯቸውን ከመጥረጋቸው በፊት ያስባሉ አለች። ይሄ መመሪያ ለማውጣት ሥልጣን ላለው ኮሚሽን የአንድ ገጽ ሥራ ነው፣ አገር አቀፍ ፈተና አይፈልግም።

36ኛው አላመነም። ገጹ ይወጣል፣ ቅጹ ይታተማል፣ ከዚያ አምስቱም አባላት ከመግባታቸው በፊት ሻይ ቤት ተገናኝተው ይነጋገራሉ አለ። 37ኛው ታዲያ ሻይ ቤት ድረስ ይሂዱ፣ አሁን እኮ ከወንበራቸውም አይነሡም ብሎ መለሰለት። ልጁ ደግሞ 38ኛ ሆኖ የመጨረሻውን ጥያቄ አቀረበ፦ የግብር መግለጫው በድርጅቱ ማኅተም ይበቃል ወይስ ከገቢዎች የተሰጠ ደረሰኝ መያያዝ አለበት? ባለሙያው ማስታወቂያው እንዳለው እንደሆነ፣ ግን ሁለቱንም ይዞ የሄደ ሰው ተመልሶ እንደማያውቅ ጻፈለት።